«ከአንድ ቡና ዋጋ አይበልጥም» እያሉ የድሃን ቁጠባ የሚበሉ አፖች



በቲክቶኩም በቴሌግራሙም የሚዞረው ምክር አንድ ዓይነት ነው። «ኢንቨስት ለማድረግ ሀብታም መሆን አያስፈልግህም። አፑን አውርድ፣ ካርድህን አገናኝ፣ ከዚያ እርሳው። በወር 3 ዶላር ብቻ!» ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አሜሪካ ካሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነው። ሊንኩን ለጓደኛው ያስተላለፈ ጉርሻ የሚያገኝባቸው አፖች ስላሉ፣ ምክር የሚመስለው ነገር ግማሹ ማስታወቂያ ነው። እዚህ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጅማ ወይም ድሬዳዋ ሆኖ የሚያየው ወጣት ደግሞ «እነሱ በሽራፊ ሳንቲም ሀብታም ሲሆኑ እኛ ቀረን» ብሎ ይቆጫል።

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ገና ለሚጀምር፣ በእጁ ጥቂት መቶ ዶላር ላለው ሰው፣ በየወሩ ቋሚ ክፍያ የሚቆርጥ የኢንቨስትመንት አፕ መጥፎ ምርጫ ነው። «ሐላል» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበትም ሒሳቡ አይስተካከልም። ሒሳቡ ቢስተካከልም ሐላልነቱ በራሱ አይረጋገጥም። ሁለቱም ለየብቻ መመርመር አለባቸው። ነገሩን ከሥሩ፣ ውኃውን ከጥሩ ነውና ከአሠራሩ እንጀምር።

◾ አሠራሩ እንዴት ነው?

ከእነዚህ አፖች ስሙ የገነነው አኮርንስ ነው። ዋልተር እና ጄፍ ክሩተንደን የተባሉ አባትና ልጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ መሠረቱት፤ አፑ በ2014 ለሕዝብ ቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በካርድህ 3 ዶላር ከ25 ሳንቲም የሚያወጣ ነገር ስትገዛ አፑ ዋጋውን ወደ 4 ዶላር ያሟላና ልዩነቱን 75 ሳንቲም በስምህ ይይዛል። ሽራፊው ተጠራቅሞ 5 ዶላር ሲሞላ ከባንክህ ወስዶ አክሲዮንና ቦንድ የያዙ ፈንዶችን ይገዛልሃል። ፈንድ ማለት የብዙ ድርጅቶችን አክሲዮን ወይም ቦንድ በአንድ ቅርጫት አድርጎ የሚሸጥ ማለት ነው።

ሽራፊ ማጠራቀሙ መልካም ሐሳብ ነው፤ አንነቅፈውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ያሳደጉን አባቶቻችን ከማንም አፕ በፊት አስተምረውናል። ችግሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። አኮርንስ ሲጀምር በወር 1 ዶላር ነበር የሚያስከፍለው። በኋላ ደረጃ አወጣለትና 3፣ 6 እና 12 ዶላር ሆነ። ስታሽ የተባለውም የሚሠራው በዚሁ በወርኃዊ ክፍያ መንገድ ነው። ገንዘብህ ቢያድግም ቢቀንስም፣ በዚያ ወር ምንም ባታስገባም፣ ክፍያው ይቆረጣል።

◾ ሒሳቡን አብረን እንሥራው

በወር 3 ዶላር በዓመት 36 ዶላር ነው። ይህ 36 ዶላር ካለህ ገንዘብ ላይ ስንት በመቶ እንደሆነ ተመልከት፦

– 100 ዶላር ላለው፦ 36 በመቶ
– 500 ዶላር ላለው፦ 7.2 በመቶ
– 1,000 ዶላር ላለው፦ 3.6 በመቶ
– 10,000 ዶላር ላለው፦ 0.36 በመቶ
– 100,000 ዶላር ላለው፦ 0.036 በመቶ

ይህን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ደግማችሁ አንብቡት። ሰውየው ሀብታም በሆነ ቁጥር ክፍያው ይቀልለታል፤ ድሃ በሆነ ቁጥር ይከብደዋል። «ለጀማሪ የተሠራ» የሚባለው አፕ በጣም ውድ የሚሆነው ለዚያው ለጀማሪው ነው።

አሁን ዲናችን ካስተማረን ሚዛን ጋር አስተያዩት። ዘካና የአገልግሎት ዋጋ አንድ ነገር እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ዘካ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ከሰው ገንዘብ ላይ ሲወሰድ ማን መሸከም እንዳለበት ዘካ ያስተምረናል። ኒሷብ ያልሞላ፣ ማለትም ወደ 85 ግራም ወርቅ የሚገመት ሀብት የሌለው ሰው ምንም አይጠየቅም። የሞላለት ደግሞ ዓመት ከዞረበት በኋላ 2.5 በመቶ ይሰጣል። ጌታችን ከሀብታሙ 2.5 በመቶ ብቻ ሲጠይቅ፣ ካልሞላለት ምንም ሳይጠይቅ፣ እነዚህ አፖች 100 ዶላር ካለው ምስኪን 36 በመቶ ይወስዳሉ። ይህን «ለሁሉም በር የከፈተ ፍትሐዊ ኢንቨስትመንት» ብሎ የሚሰብክልን ሰው ቢያንስ ስሌቱን አሳይቶን ይስበከን።

ምሳሌ እንውሰድ። ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ያለች እህታችን በየወሩ 20 ዶላር እያስገባች ጀመረች እንበል። በዓመቱ መጨረሻ 240 ዶላር አስገብታለች። ገንዘቡ የገባው በየወሩ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራላት የቆየው በአማካይ 130 ዶላር ገደማ ነው። ገበያው በዓመት 7 በመቶ አደገ እንበል፤ ይህም ዋስትና የለውም፣ ሊወርድም ይችላል። ያገኘችው ትርፍ 9 ዶላር ገደማ ነው። የከፈለችው ግን 36 ዶላር። ገበያው መልካም በሆነበት ዓመት ለ9 ዶላር ትርፍ 36 ዶላር ከፍላ 27 ዶላር ከስራለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። ገንዘቡን ምንም ሳታደርግ ሒሳቧ ላይ ብትተወው 27 ዶላር በተረፋት ነበር።

ታዲያ እሷ ለምን አታየውም? ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው ከአፑ ውስጥ ካለው ኢንቨስትመንት ሳይሆን ካገናኘችው የባንክ ሒሳብ ስለሆነ ነው። አፑን ስትከፍት የምታየው አረንጓዴ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ነው። 3ቱ ዶላር የወጣው በሌላ መስኮት ነው። ትርፉ እዚህ ይታያል፣ ወጪው እዚያ ይደበቃል። ሱቅ ያለው ማንኛውም ነጋዴ አባታችሁ ገቢን በአንድ ደብተር ጽፎ ወጪን ያልጻፈ ሰው አተረፍኩ ቢለው ይስቅበታል።

◾ «ከአንድ ቡና ዋጋ አይበልጥም» ለሚሉን

ይህ የሁሉም ማስታወቂያ ማሰሪያ ነው። እውነት ነው፣ 3 ዶላር አሜሪካ ውስጥ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነው። ግን የአንድ ነገር ውድነት የሚለካው በምን ያህል ገንዘብ ላይ እንደተከፈለ ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ አንድ ኩንታል ጤፍ ለማስጫን 100 ብር ርካሽ ነው፤ አንድ ኪሎ ለማስጫን 100 ብር ግን ዘረፋ ነው። ብሩ ያው ነው፣ ዕቃው ግን ሌላ። የ3 ዶላሩ ወዳጆች ሁልጊዜ ብሩን ያሳዩናል፤ ዕቃውን አያሳዩንም።

ደግሞም ቡናውን የገዛ ሰው ቡናውን ጠጥቷል። ለቁጠባ ብሎ 240 ዶላር ያስቀመጠ ሰው ግን የፈለገው ገንዘቡ እንዲጠበቅለትና እንዲያድግለት ነው። ያንኑ ገንዘብ እየቀነሱለት ከቡና ጋር ማወዳደር ቀልድ ነው።

◾ «ባይሆን ኖሮ ጭራሽ አላጠራቅምም ነበር» ለሚሉን

ይህኛው ከበድ ያለ መከራከሪያ ነው፤ በክብር እንመልስለታለን። ብዙ ወጣት ገንዘብ እጁ ላይ አይቆይም። አፑ ሳያስበው ስለሚቆርጥለት ያጠራቅማል። እንግዲህ 36 ዶላሩ የሥነ ሥርዓት ዋጋ ነው ይላሉ።

ሥነ ሥርዓት ዋጋ እንዳለው እንቀበላለን። ግን ይህን ዋጋ ለአፑ መክፈል ግዴታ አይደለም። ደሞዝ በገባ ቀን ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው የተወሰነ ገንዘብ በራሱ እንዲዞር ማዘዝ በአሜሪካ ባንኮች በነፃ የሚሠራ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እቁብ አለ። እቁብ ሰውን የሚያስቆጥበው በአፕ ማስታወሻ አይደለም፤ ዳኛው ስላለ፣ ጎረቤት ስለሚያይ፣ ቃል ስለተገባ ነው። እናቶቻችን በእቁብ ሱቅ ከፍተዋል፣ ልጅ ድረዋል፣ ሐጅ ያደረጉም አሉ። ወለድ የለበትም፣ የገባው ያው ይወጣል። እቁብ ገንዘብን አያሳድግም፤ ግን አይሸረሽርም። ለጀማሪ የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ አለመሸርሸር ነው።

ሌላም ነገር አለ። «አገናኝና እርሳው» የሚል አፕ ኢንቨስትመንት አያስተምርም። ገንዘቡ የት እንደገባ፣ ምን እንደተገዛበት፣ ድርጅቱ ምን እንደሚሸጥ የማያውቅ ወጣት ከሦስት ዓመት በኋላም ጀማሪ ነው። ለሙስሊም ደግሞ አለማወቁ ኪሳራ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ነገ በአላህ ፊት ስለ ገንዘባችን ከየት እንዳመጣነውና በምን ላይ እንዳዋልነው እንጠየቃለንና «አፑ ነው የገዛው» የሚል መልስ አያወጣንም።

◾ ሐላልነቱስ?

መጀመሪያ ሐቁን እንናገር። የወር ክፍያ በመሆኑ ብቻ ሐራም ነው አንልም። አንድ ሰው ወኪል ሆኖ ለሚሠራልህ ሥራ የታወቀ ደሞዝ መክፈል በፊቅህ የታወቀ ውል ነው። እንዲያውም አስቀድሞ የታወቀ ቁርጥ ዋጋ ከተድበሰበሰ ዋጋ ይሻላል። ክርክራችን ደሞዙ ከሥራው ጋር አይመጣጠንም የሚል ነው።

ሐራምነት የሚመጣው በተገዛው ነገር ነው። እነዚህ አፖች ለጀማሪ የሚያዘጋጁት ቅርጫት ብዙ ጊዜ ቦንድ አለበት። ቦንድ ማለት ለመንግሥት ወይም ለድርጅት አበድሮ ወለድ መቀበል ነው፤ ይህ ሪባ ነው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የአክሲዮኑ ክፍልም ቢሆን የአሜሪካን 500 ታላላቅ ድርጅቶች በጅምላ የሚይዝ ፈንድ ሲሆን ውስጡ የወለድ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ የመጠጥ ፋብሪካዎች አሉ። ከፍ ወዳለው ደረጃ ስትሸጋገር ከሚጨመሩልህ «ጥቅሞች» አንዱ ወለድ የሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ነው። «ለአካባቢና ለኅብረተሰብ የሚጠነቀቅ» የሚባለው ምርጫም የሸሪዓ ማጣሪያ አይደለም፤ የወለድ ባንክን አያስወጣም።

የሸሪዓ ማጣሪያ የታወቀ መለኪያ አለው። መቀመጫው ባሕሬን የሆነው አዮፊ የተባለው የእስላማዊ ፋይናንስ መመዘኛ ተቋም በ21ኛው መመዘኛው ላይ እንዳስቀመጠው፣ የድርጅቱ ዋና ሥራ ሐላል መሆን አለበት፤ በወለድ የተበደረው ገንዘብ ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ በወለድ ያስቀመጠውም እንዲሁ፤ ከተከለከለ ነገር የሚገባ ገቢው ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ያችንም ትንሿን ክፍል ባለ አክሲዮኑ አስልቶ ከገንዘቡ ማውጣት አለበት፤ ይህ ማጥራት ይባላል። በዚህ ጉዳይ ጠበቅ የሚያደርጉ ዑለማዎችም እንዳሉ አንደብቅም። የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ነው።

«እንግዲያስ ሐላል የሚል አፕ ልምረጥ» የሚል ይኖራል። መልካም፤ ግን ስያሜ ማስረጃ አይሆንም። ዋሂድ የተባለው በሙስሊሞች የተቋቋመ የታወቀ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የአሜሪካ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን 300,000 ዶላር ቀጥቶታል። ኮሚሽኑ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ፣ ድርጅቱ ሸሪዓን ስለመጠበቁና ገቢን ስለማጥራቱ እያስተዋወቀ ይህ በቀጣይነት እንደሚፈጸም የሚያረጋግጥ የተጻፈ አሠራር አላወጣም የሚል ነበር። ድርጅቱ ክሱን ሳያምንም ሳይክድም በስምምነት ቅጣቱን ለመክፈል ተስማማ። ይህን የምናነሳው ወንድሞችን ለማሳጣት አይደለም። የሙስሊሞች ተቋም በመኖሩ እንደሰታለን። ግን «ሐላል ነው» የሚለውን ቃል ለማጣራት የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከእኛ ቀድሞ መጠየቁ ሊያሳፍረን ይገባል። ጠያቂ ደንበኛ ቢኖር ኖሮ ጥያቄው ከእኛ በመጣ ነበር።

◾ ታዲያ ምን እናድርግ?

አሜሪካ ላላችሁ፦ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ትላልቆቹ የአክሲዮን ደላሎች ለመግዛትና ለመሸጥ የሚያስከፍሉትን ኮሚሽን ትተዋል። እንደ ፊደሊቲ ያሉት የወር ክፍያ የላቸውም፤ ከ1 ዶላር ጀምሮ የአክሲዮን ቁራጭ መግዛት ይቻላል። በሸሪዓ የተጣሩ ፈንዶችም በአሜሪካ ገበያ ይሸጣሉ፤ የአንዳንዶቹ ዓመታዊ ወጪ ወደ ግማሽ በመቶ ነው። 240 ዶላር ላላት እህታችን ይህ በዓመት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ገደማ ነው። ከ36 ዶላር ጋር አስተያዩት። አውቶማቲክ ማድረግም ይቻላል፤ ሥራው የአንድ ቀን ትጋት ነው።

አፕ ከመምረጣችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. የዓመቱ ክፍያ ካለኝ ገንዘብ ስንት በመቶ ነው? ከ1 በመቶ ከበለጠ ተዉት።
2. ገንዘቤ የሚገዛው ፈንድ ስሙ ማን ነው? ውስጡ ያሉት ድርጅቶች ዝርዝር የት ይገኛል?
3. ሸሪዓን የሚከታተሉት እነማን ናቸው? በስማቸው የፈረሙበት፣ በየጊዜው የሚታደስ ጽሑፍ አለ? ማጥራቱን የሚያሰላው ማን ነው?
4. ብወጣ ስንት እከፍላለሁ? ገንዘቤን ወደ ሌላ ማዛወር እችላለሁ?

ለእነዚህ በግልጽ የማይመልስ አፕ አማናችሁን ሊይዝ አይገባውም።

እዚህ አገር ላለነው ደግሞ፦ እነዚህ አፖች አሜሪካ ለሚኖር ሰው የተሠሩ ናቸው። በዚያ ባለ የአጎት ልጅ ስም አካውንት ከፍቶ ገንዘብ መላክ መፍትሔ አይደለም። በሰው ስም ያለ ገንዘብ በሕግ የዚያ ሰው ነው። እሱ ቢሞት ወራሾቹ የሚካፈሉት ያንተን ላብ ነው፤ ቢጣላህ ደግሞ ማስረጃ የለህም። «እኛ እናስገባልሃለን፣ በየቀኑ ትርፍ ታያለህ» የሚሉ የቴሌግራም ሰዎች ጋርማ አትጠጉ። በየቀኑ ቁርጥ ትርፍ የሚሰጥ ሐላል ንግድ በምድር ላይ የለም።

ግን ይህ ክርክር ከእኛ ሩቅ ነው ብላችሁ አታስቡ፤ በራችን ላይ ደርሷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ተከፍቷል። ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፤ የሚገዛውም በቴሌብር ነበር። ስልክ ላይ አክሲዮን መግዛት ለእኛም ተጀምሯል ማለት ነው። ነገ «በወር ይህን ያህል ብር ብቻ» የሚሉ የአገር ውስጥ አፖች ቢመጡ አያስገርምም። የዛሬው ሒሳብ ያኔ ይጠቅማችኋል።

ሐላልነቱንም ከአሁኑ እንጠይቅ። በአዲሱ ገበያ በቀዳሚነት የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ መደበኛ ሥራው ወለድ የሆነ ባንክ። ገበያው መከፈቱ ለአገር መልካም ሆኖ ሳለ ለሙስሊም ወጣት ግን «ተከፈተ» ማለት «ግዛ» ማለት አይደለም። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ለዓመታት በሕዝበ ሙስሊሙ ጥያቄ ነው የተወለዱት። ያ ጥያቄ ባንክ ላይ መቆም የለበትም። በአገራችን ገበያ የሚሸጡ አክሲዮኖችን እያጣራ በየጊዜው ዝርዝር የሚያወጣ የዑለማዎችና የሒሳብ ባለሙያዎች ስብስብ እንፈልጋለን። አካውንቲንግና ፋይናንስ የተማራችሁ ወጣቶች፣ ይህ ሥራ የእናንተ ነው። የድርጅቶችን ዓመታዊ ሪፖርት ከፍቶ የወለድ ገቢን ከጠቅላላው ገቢ መለየት ለእናንተ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ለኡማው ግን ትልቅ አገልግሎት ነው።

እስከዚያው ድረስ፣ ጥቂት ብር ያለህ ወንድማችን፣ ጥቂት ብር ያለሽ እህታችን፦ በቅድሚያ ዕዳችሁን ክፈሉ፤ ለክፉ ቀን የሚሆን አስቀምጡ፤ እጃችሁን የሚያስፈታ ሙያ ላይ አውሉት። አንድ የልብስ ስፌት መኪና ወይም አንድ የጥገና ኮርስ ለ9 ዶላር ትርፍ 36 ዶላር ከሚያስከፍል አፕ ይበልጣል። ኢንቨስትመንት የሚጀመረው ገንዘቡን የሚሸከም አቅም ሲኖር ነው፤ መዘግየትም ኪሳራ አይደለም። ሪዝቅ የተጻፈ ነው፣ ፍለጋው የእኛ ነው፤ ፍለጋው ግን ዓይንን ጨፍኖ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ሊንክ ለላከላችሁ ወዳጅ መልሳችሁ ላኩለት። ሒሳቡ ላይ ስሕተት ካገኘ ይንገረን። ካላገኘ ደግሞ ሊንኩን ማሠራጨቱን ያቁም።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ በጥቂቱም በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።